ውሃው ሲጠራ

የጋሽ ኑሩን ሞት የሰማሁት ደጀን ላይ ነው። አውቶቡሳችን ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ወጥቶ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ በመስኮቱ ሥር ሻጮች ሙዝና ብርቱካን ወደ ላይ እየዘረጉ ሳለ፣ ሴት ልጁ ዘይነባ ደወለች።

«ጋሼ፣ አባባ ሄደ» አለችኝ።

ሞት ሲነገረኝ የማይረባ ነገር የመጠየቅ ልማድ አለብኝ። «የት?» አልኳት።

በልቅሶዋ መሀል ሳቅ አመለጣት። «ይህን ቢሰማ "በጀልባ አይደለም በይው" ይለኝ ነበር።»

የሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነበር ይባላል። በየቀብሩ የምንለውን የሚሰማ እንግዳ ክፉዎቹን የት እንደምንቀብራቸው ይቸግረዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር፤ ጋሽ ኑሩ ውሸታም ነበር። ጉረኛም ነበር። ሲከራከር የሰው አፍ ይነጥቃል፤ ሲሸነፍ «አልሰማሁም» ይላል። ሉማሜ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ሱቁን ለዘይነባ ትቶ የዕድሜውን ማምሻ ያሳለፈው፣ ማንም ቀርቦ ሊያየው በማይፈልግ ባሕር ላይ ሰው በጀልባ እያንሸራሸረ ነው። ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ እንደ እሱ ዓይኔን አስጨፍኖ ያሳየኝ ደራሲ ግን የለም።

ባሕሩ በሉማሜና በአምበር መካከል፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ሽቅብ ለሚጓዝ ሰው ድንገት የሚገለጥ ነው። ስም አለው፤ ሰው ግን «ባሕሩ» ብቻ ይለዋል። ከገደሉ አፋፍ ሆነው ሲያዩት ሰማይ ወርዶ ሳህን ውስጥ የተኛ ይመስላል። ጠዋት ጉም ይተኛበታል፤ ጉሙ ሲነሣ ጽዱና ወይራው በውሃው ውስጥ ተዘቅዝቀው ይታያሉ። ብዙ ሰው ፎቶ ያነሣዋል፤ ሁሉም ከላይ። ወደ ታች የወረደ ሰው ፎቶ አያነሣም፣ አፍንጫውን ይይዛል። ከገደሉ በላይ ያለችው ከተማ አድጋለች፤ እድገቷም በቦይ ይወርዳል። የገበያው ፌስታል፣ የበግ ፈርስ፣ የባጃጅ ማጠቢያው ሳሙና፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ በያይነቱ። ዳር ዳሩን አረፋ ይዞታል። ከአረፋው ወዲያ አረንጓዴ ነገር ተንሳፍፎ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሐር ያብረቀርቃል፤ ያምራል። ማማሩ ነው ሰውን የሚያናድደው።

ጀልባዋን ደብረ ማርቆስ ያለ በያጅ ከቆርቆሮና ከባዶ በርሜል ነው የሠራለት። ጥላዋ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ስሟ «ሙሽሪት»። ለምን ሲሉት «ከቤት ስትወጣ ታለቅሳለቻ!» ይላል፤ እውነትም ከዳር ስትለቅ መቅዘፊያዎቿ እዬዬ ይላሉ።

መጀመሪያ የሄድኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለተንኮል ነበር። ስለ ተፈጥሮ ሀብታችን በየመድረኩ የሚወራው አስቆጥቶኝ አንድ መራራ ጽሑፍ ልጽፍ ነው የወረድኩት። ዋንዛ ሥር ቆብ የደፋ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሽማግሌ ተቀምጧል።

«ባለጀልባው እርስዎ ነዎት?» አልኩት።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። "እርስዎ" ያልከው ሰውዬ ግን እዚህ የለም። አንቱ የተባለ ሰው መቅዘፊያ አይዝም፣ ወገቡን ያመዋል። አንተ በለኝና ግባ።»

ገባሁ። ከደረት ኪሱ የጤና አዳም ቅጠል አውጥቶ ሰጠኝ። «አፍንጫህ ሥር ያዘው። አሁን ዓይንህን ጨፍን።»

«ለማየት አይደለም እንዴ የመጣሁት?»

«ለማየት ከሆነ ከገደሉ ላይ እይ፣ የሚከለክልህ የለም። እኔ ጋ የሚመጣ ለመሄድ ነው።»

«ብገልጥስ?»

«ከገለጥክ የራስህ ጉዳይ። ያየኸውን እኔ አላሳየሁህም።»

ጨፈንሁ። ሙሽሪት አለቀሰች፣ ጥቂት ሄዳ ለቅሶዋን ተወች። ከዚያ ድምፁ መጣ። ክርክር ሲይዝ የሚያሰማው ድምፅ አልነበረም። ለሚወደው ደንበኛ ጨርቅ ሲዘረጋ እንደሚያደርገው፣ ቃሉን ከጥቅሉ ቀስ አድርጎ ይፈታው ነበር።

«ከዋንዛው ጥላ ወጣን። ፀሐይዋ ትከሻህን ነካችህ አይደል? እሷ ናት። በቀኝህ ይብራዎች አሉ፤ አትናገር፣ ይሸሻሉ። እናትየዋ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ፣ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው። ማዶ ሴቶች እንስራ ይሞላሉ። አንዷ ትስቃለች። ሰማሃት?»

ሰማኋት። በቀላሉ የማላምን ሰው ነኝ፤ ግን ሰማኋት።

«አሁን ውሃው ቀጠነ። ጎንበስ በል። አትግለጥ፣ ጎንበስ ብቻ። ጠጠሩ ይታያል። አንዱ ነጭ ነው፣ የልጅ ጥርስ የመሰለ። እጅህን ብትሰድ የምትደርስበት ይመስልሃል፤ አትደርስበትም። ጥሩ ውሃ እንዲህ እያደረገ ነው የሚያታልል።»

ምን ያህል እንደሄድን አላውቅም። የእኔ ልጅነት ይሁን የእሱ ልጅነት፣ ብቻ የሆነ ልጅነት ውስጥ ነበርኩ። ጤና አዳሙ አፍንጫዬ ሥር፣ ፀሐይዋ ትከሻዬ ላይ። ጀልባዋ ቆማ፣ ባሕሩ ነው በሥሯ እየተጠቀለለ ወደ ኋላ የሚያልፈው ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ የራሴን ስም የሰማሁ መሰለኝ፤ ማን እንደጠራኝ ለማየት ዓይኔን ልገልጥ አልኩና ፈራሁ። የፈራሁት የማየውን ሳይሆን ድምፁን እንዳላጣው ነበር።

መቅዘፊያው ቆመ። «ግለጥ» አለኝ።

ገለጥሁ። መሀል ባሕሩ ላይ ነን። በዙሪያችን የዘይት ጀሪካን፣ የነጠላ ጫማ አንድ እግር፣ የተነፋ ፌስታል፣ ጠርሙስ በጠርሙስ። ይብራ የለም። እንስራ የያዘች ሴት የለችም። ጋሽ ኑሩ ረጅም እጀታ የተገጠመለት ወንፊት እያቀበለኝ ነው።

«ምን ላደርግበት?»

«ያየኸውን ውሃ ፈልግበት።»

ሕጉ ይኸው ነበር፤ ሲሄዱ ጨፍኖ፣ ሲመለሱ ገልጦ። ወንፊቱን ሳይዝ የተመለሰ ሰው የለም። ሙሽሮች ከነካባቸው ፌስታል ሲያወጡ፣ ሚዜዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው ጆንያ ሲይዙ አይቻለሁ። አንድ ክራቫት ያሰረ ሹም እምቢ ቢለው፣ ጋሽ ኑሩ መቅዘፊያውን አስቀምጦ ጀልባዋ ውስጥ ጋደም አለ። «እንግዲያስ ልተኛ፤ ሊመሽ ሲል ቀስቅሰኝ» አለው። ሹሙ ወንፊቱን አነሣ።

መራራ ጽሑፌን አልጻፍኩትም። ተመልሼ ሄድኩ፤ ደግሜም ሄድኩ። በመጨረሻ ለምን እንዲህ እንደሚደክም ጠየቅሁትና ሱቁ ጓዳ አስገብቶ ምንጣፉን አሳየኝ።

ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ቀይ ጥቅል ነው። አባቱም የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በእሱ ልጅነት ታቦቱ ለከተራ ወደ ባሕሩ ሲወርድ፣ ዳሩ ጭቃ ስለሆነ፣ ታቦቱን በራሳቸው ያከበሩት ቄስ የሚረግጡት ምንጣፍ ከእነሱ ቤት ይሄድ ነበር። እስላም ቤት የታቦት ምንጣፍ ምን ይሠራል የሚል ሰው ካለ ሉማሜ አላደገም። አባቱ ይዘረጋሉ፣ እሱ ጫፉን ይይዛል። ባሕሩ ሲበላሽ ታቦቱ መውረዱን ተወ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የሲሚንቶ ገንዳ ተሠራ፤ ለጥምቀት ውሃ በቦቴ ይመጣለታል። ምንጣፉም ተጠቅልሎ ቀረ። ጋሽ ኑሩ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያን ምንጣፍ እንደገና ባሕሩ ዳር ተዘርግቶ፣ ታቦቱ ሲያልፍበት ማየት።

እኔ ሳላውቀው በፊት፣ ይህን ይዞ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃና የቅኔ መምህር ወደሆኑት ወደ የኔታ ጥዑም ሄደ።

«የኔታ፣ ታቦቱ መቼ ነው ወደ ባሕሩ የሚመለሰው?»

«ውሃው ሲጠራ» አሉት የኔታ።

ንጹሕ ሲሆን ማለታቸው ነው። እምቢታ ነው፤ በጨዋ ቋንቋ። ነገር ግን ጎጃም ውስጥ፣ ያውም ቅኔ የሚያስተምር ሰው፣ ሁለት በር ያለውን ቃል አንዱን በር ሳይዘጋ ትቶ መሄድ የለበትም። ጋሽ ኑሩ በሌላኛው በር ገባ። «ውሃው ሲጠራ አሉ አይደል? እንግዲህ ይጥራቸዋ!»

የአሮጌ መኪና ቸርኬ፣ ትምህርት ቤት እንደ ደወል የሚመታውን ዓይነት፣ ከሙሽሪት ጥላ ምሰሶ ላይ አንጠለጠለ። የከተራ ዕለት፣ ታቦቱ ከበሮና እልልታ አጅቦት መንታ መንገዱ ላይ ሲደርስ፣ ወደ ግራ ገንዳው፣ ወደ ቀኝ ባሕሩ፣ ጋሽ ኑሩ መሀል ውሃው ላይ ሆኖ ቸርኬውን በብረት መታው። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ ዙሪያውን አዞረው። ባሕሩ ጠራ።

ከተማው በሳቅ ሞተ። ከመስጊድ ሲወጣ ጓደኞቹ «ኑሩ፣ የታቦት ደላላ ሆንክ አሉ?» እያሉ ያዙት።

«ጎረቤት ነኝ» አለ። «ጎረቤት ከደጅህ ሲቀር ምነው ቀረህ አይባልም?»

ዘይነባ ግን አፈረች። «አባባ፣ ሰው እያበደ ነው ይላል።»

«እብድ ብቻውን ነው የሚያወራው። እኔ መልስ መጥቶልኛል» አላት።

እውነቱን ነበር። የኔታ መንታ መንገዱ ላይ ቆመው አዳምጠው ነበር። በተማሪያቸው አፍ እንዲህ ሲሉ ላኩበት፦ «ጥሪው ደርሶናል። ጠሪው ይታጠብ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስድብ ነው ብሎ ይከፋል፤ ጋሽ ኑሩ ግን በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠውን አጣ። «"ደርሶናል" አሉ እኮ! አልሰማንም አላሉም!» ጠሪው ማን ነው? ባሕሩ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ይታጠባል። ወንፊቶቹ የተሠሩት በዚያ ሳምንት ነው።

ከዚያ ወዲያ በየከተራው ቸርኬው ይመታል። የኔታም በየከተራው መንታ መንገዱ ላይ ቆመው፣ ድምፁን ከሰሙ በኋላ ወደ ግራ ይታጠፋሉ። ሰዉ ዳገቱ አድክሟቸው ትንፋሽ የሚሰበስቡ ይመስለው ነበር።

እኔ ደግሞ ተስፋ ያለው ሰው ሳይ ዝም ማለት አልችልም። አንድ ቀን ወንፊቴን እያራገፍኩ «ጋሽ ኑሩ፣ አንተ በወንፊት ታወጣለህ፣ ከተማው በቦይ ያስገባል። በዚህ ሒሳብ አትጨርስም» አልኩት።

«ሶላትስ ይጨረሳል? ዕድሜዬን ሙሉ ሰግጄአለሁ፤ አንድ ቀን "በቃህ፣ ጨረስክ" ያለኝ የለም።»

«እሱና ይሄ ይለያያል።»

«አልሰማሁም» አለ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በመኸር ወቅት፣ ሱቁ ጓዳ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ነው። ከስቷል፤ ጉራው ግን አልከሳም። ጀርባውን በዚያ ቀይ ጥቅል አስደግፈውታል።

«ዘንድሮ ይወርዳሉ» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«አላወቅሁም። ጨፍኜ ነው።»

ሻይ ይዛ የገባችው ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ይንገሩት እስቲ። ቸርኬውን አንቺ ትመቻለሽ ይለኛል። እኔ ጀልባዋ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ውሃ እፈራለሁ፤ ያ ውሃ ደግሞ ያቅለሸልሸኛል።»

«ጨፍኚ» አላት።

«ሰው ጨፍኖ ይቀዝፋል?»

«እኔ ምን ሳደርግ የኖርኩ መስሎሻል?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት።

ከደጀን ሉማሜ ስደርስ ተቀብሯል። ዘይነባ እንደነገረችኝ የኔታ ጥዑም ቀብር መጥተው ነበር። ከሰዉ ኋላ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆመው፣ አንዱን ሽማግሌ «አጠባችሁት?» ብለው ጠየቁ። «አዎ የኔታ፣ ታጥቦ ተከፍኗል» አሏቸው። የኔታ አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲህ ጠሪው ታጠበ» አሉ። ሽማግሌው ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም። ዘይነባ ግን ገባት።

የከተራ ዕለት ሄድኩ። ከታቦቱ ኋላ፣ ከሰዉ መሀል ነኝ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ የቄሶቹን ጃንጥላዎች እያስነደደች፣ አቧራው ወርቅ መስሎ ተነሥቷል። መንታ መንገዱ ላይ ደረስን። የኔታ ቆሙ። ከበሮው ቆመ።

ምንም ድምፅ የለም።

የኔታ አልተንቀሳቀሱም፤ ታቦቱን ያከበሩት ቄስም ቆሙ። አንዲት ሴት «ታቦቱ አልሄድም አለ!» ብላ እልል አለች፤ ከኋላ ያለው ሰው መሬት ወደቀ። እንዲህ ያለ ታምር ሲወራ ከሰማሁ ጀምሮ ስሳለቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን በአካል ቆሜ አየሁ፤ አንድ ሽማግሌ የለመደው ድምፅ እስኪሰማው ድረስ ጆሮውን ወደ ገደሉ ሰጥቶ አገር አቆመ። ታምር የሚሉት ይህን ከሆነ አልከራከርም።

ቁልቁል አየሁ። ሙሽሪት ከዳር ብዙም ሳትርቅ ቆማለች። ዘይነባ ተንበርክካ ከመቅዘፊያው ላይ የተጠመጠመ ፌስታል በጥርሷ ጭምር ትበጥሳለች። ጀልባዋ ዝቅ ብላ ልትሰጥም ደርሳለች፤ ውስጧ ቀይ ጥቅል ተጋድሟል። ያቺ ውሃ የምትፈራ ሴት ምንጣፉን ጭና ነው የወጣችው።

ከቄሶቹ አንዱ ወደ የኔታ ጠጋ አሉ። «የኔታ፣ ይመሻል። እንሂድ እንጂ።»

«አልጠራም» አሉ የኔታ።

«አዎ፣ ገና ነው፣ ቆሻሻ ነው። ወደ ገንዳው...»

«እሱን አላልኩም።»

ያኔ ዘይነባ ተነሣች። ዓይኗን ጨፍና እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። ቸርኬው ተመታ። ገደሉ ድምፁን ተቀበለ፣ ለጎረቤቱ ገደል ሰጠ፣ ያም ለሚቀጥለው፤ ዙሪያውን ዞሮ ወደ እኛ ሲመለስ የብረት ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ሰው የሚጣራ መሰለ። ደግማ መታችው።

የኔታ ወደ ቀኝ ታጠፉ።

«የኔታ! ውሃው እኮ አልጠራም!» አሉ ቄሱ።

«ጠርቷል፤ በጆሮዬ ሰማሁት» አሉ፣ ሳይቆሙ።

ወረድን። የሰው ሁሉ ነጭ ልብስ በገደሉ መንገድ ላይ እንደ ጠዋቱ ጉም ተጎንጉኖ ወረደ። ከታች ስንደርስ ሽታው ከበሮ መቺዎቹን ሳይቀር ዝም አሰኛቸው። ዘይነባ ቀድማን ዳር ደርሳለች፤ ጥቅሉን በትከሻዋ ይዛ ዙሪያዋን ታያለች። የሚዘረጋበት ቦታ አልነበረም። ጠርሙሱና ፌስታሉ ከአረፋው እስከ እግራችን ድረስ ተነጥፏል። ያ ሁሉ ሰው ቆመ። ያን ጊዜ ዘይነባ የአባቷን ሁለተኛ ቃል፣ በአባቷ ድምፅ፣ በሕዝቡ ላይ ጮኸችው፦

«ግለጡ!»

ምን ማለቷ እንደሆነ ያወቅነው በሙሽሪት የተሳፈርን ብቻ ነን። የሚገርመው ብዙ ነበርን። አንድ ጎልማሳ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረ። አንዲት ሴት ቀሚሷን ሰበሰበች። እኔም ካልሲዬን አወለቅሁ። ከሁላችንም በፊት ግን የኔታ ጥዑም ጎንበስ ብለው መቋሚያቸውን ወደ አረፋው ሰደዱና፣ በዝማሬ መሬት በሚመቱበት በዚያ ጫፍ፣ አንድ ጠርሙስ ስበው አወጡ።

ከዚያ የሆነውን ነገር አሁንም ሳስበው ጨፍኜ ያየሁት ይመስለኛል። ታቦቱ ከነጃንጥላው ቆሞ ይጠብቃል። ሕዝቡ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ እየተቀባበለ ያወጣል። ማንም አያወራም፤ ውሃው ብቻ ጭብ ጭብ ይላል። ፀሐይዋ ወደ ገደሉ ጫፍ ወርዳ ሁሉንም ቢጫ አደረገችው። ዘይነባ ምንጣፉን ዘረጋች፤ ጫፉን እኔ ያዝኩላት። ዓመታት የተጠቀለለ ነገር ነውና መልሶ ሊጠቀለል ታገለን፤ አራቱን ጥግ በድንጋይ አስያዝነው። ቄሱ ታቦቱን እንዳከበሩ ረገጡት፤ ውሃው አፍ ድረስ ሄደው ቆሙ።

ታቦቱ ያደረው እንደ ወትሮው ገንዳው ዘንድ ነው። በማግስቱ ወርጄ ሳይ ያጸዳነውን ቦታ አረፋው መልሶ ይዞት ነበር። ይህን የምጽፈው አንባቢ እንዳይታለል ነው።

ያን ዕለት ግን፣ ከምንጣፉ ጫፍ ፊት ለፊት፣ የረገጥነው ጭቃ ቀስ በቀስ ተቀመጠ። የኔታ ጎንበስ አሉ። ዘይነባም፣ እኔም። ጠጠር ይታያል። አንዱ ነጭ ነው።

«የምንጣፍ ያህል» አሉ የኔታ፣ ማዶ ለቆመ ሰው እንደሚናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የምንጣፍ ያህል ጠራ፣ ኑሩ።»